ከጓሮ የወጣው ወደ ጓሮ እንዲመለስ ቆሻሻ ከቤት ይለይ

በገበያ ቀን ማለዳ ከዲላ ዙሪያ፣ ከወናጎና ከቡሌ ወደ ዲላ የሚወርደው አርሶ አደር የጓሮውን በረከት ይዞ ይመጣል። ቆጮው በኮባ ተጠቅልሎ፣ ጎመኑ ታስሮ፣ ሙዙ፣ አቮካዶው፣ ሸንኮራውና በቆሎው በጆንያ ተሞልቶ ከተማ ይገባል። ሲመሽ ገበያው ይበተንና ከተማው ለእራት ይሰናዳል። የተበላው ተበልቶ ልጣጩ፣ የጎመኑ ግንድ፣ የበቆሎው ቆረቆንዳ፣ የቡናው አተላና የተጎዘጎዘው ቄጠማ ይተርፋል። ይህ ሁሉ ከፌስታል፣ ከሃይላንድ ፕላስቲክ፣ ከተሰበረ ጠርሙስና ካለቀ የባትሪ ድንጋይ ጋር በአንድ ማዳበሪያ ከረጢት ይታጨቅና ከቤት ይወጣል። ወደ ገንዳ ቢሄድም፣ ወደ ቦይ ቢጣልም፣ ወደ ገደል ቢደፋም ከማሳ የመጣው ለምነት ወደ ማሳ አይመለስም።

ይህ ነገር እስከ አሁን በአብዛኛው የከተማ ጽዳት ጉዳይ ሆኖ ነው የታየው። የሚነሳው የጽዳት ዘመቻ ሲታወጅ፣ የሚተኛው ዘመቻው ሲያበቃ ነው። በጌዴኦ ዞን ግን ጉዳዩ ከጽዳትና ከውበት አልፎ የግብርና ጉዳይ ነው። በዞኑ የሚኖረው ቤተሰብ በትንሽ መሬት ላይ እንሰትና ቡና አቀላቅሎ የሚያለማ፣ መሬቱንም በቅጠል፣ በፍግና በተረፈ ምርት የሚያኖር ነው። ስለዚህ የከተማው ቆሻሻ ተለይቶ ከወጣ ለዚህ መሬት ቀለብ ይሆናል፤ ተደባልቆ ከወጣ ደግሞ መርዝ ይሆንበታል። ሁለቱን የሚለየው እያንዳንዱ ቤተሰብ በራሱ ደጃፍ ላይ የሚሠራው ሥራ ነው።

ምንም የማይጣልበት ጓሮ

የጌዴኦ አርሶ አደር ስለ መልሶ መጠቀም ከሌላ ቦታ መማር አያስፈልገውም። የእንሰት ቅጠል መጠቅለያ ነው፤ ምግብ ይቀርብበታል፤ ከዝናብ ይከልላል፤ ሲያረጅ ደግሞ ከእንሰቱ ሥር ተነጥፎ እርጥበት ይይዛል፤ በስብሶም አፈር ይሆናል። እንሰት ሲፋቅ የሚተርፈው ተመልሶ ለተክሉ ይሰጣል። የዋንዛው፣ የብርብራውና የኮርቹ ቅጠል በቡናው ላይ ይረግፍና ምድሩን ያለብሳል። በተለይ ብርብራና ኮርች ከአየር ናይትሮጅን ወደ አፈር የሚያስገቡ የአተር ዘመድ የሆኑ ዛፎች በመሆናቸው ቅጠላቸው ለቡናው የተፈጥሮ ማዳበሪያ ነው። የከብቱ ፍግና የምድጃው አመድም ከቤት ወጥተው ከእንሰቱ ሥር ይውላሉ።

ዶ/ር ታደሰ ኪጴ እ.ኤ.አ. በ2002 በኔዘርላንድስ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት የመረመሩት ይህንኑ የጌዴኦ የመሬት አጠቃቀም ነበር። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብም የተመዘገበው ይኸው እንሰትን፣ ቡናንና ሀገር በቀል ዛፍን አዋድዶ የሚያኖር ሥርዓት ነው። በቅርስነት የታወቀው ሐውልት ብቻ ሳይሆን የአርሶ አደሩ የዕለት ተዕለት ሥራም ስለሆነ፣ ሥራው ከተቋረጠ ቅርሱም አብሮ ይጎዳል።

የዞኑ ሕዝብ አሰፋፈርም ሊታሰብበት ይገባል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የጌዴኦ ዞን ሕዝብ ከ847 ሺህ በላይ ሲሆን በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚኖረው ሰው 700 ገደማ ነበር። ከሀገሪቱ ጥቅጥቅ ያለ የገጠር አሰፋፈር ካላቸው አካባቢዎች አንዱ መሆኑ ነው። የዲላ ከተማም በዚያው ቆጠራ ከ59 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበራት። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡም ከተማውም አድገዋል፤ መሬቱ ግን አልጨመረም። የሚታረሰው መሬት በማይሰፋበት ቦታ ቀሪው አማራጭ ያለው መሬት ለምነቱን እንዳያጣ መጠበቅ ብቻ ነው። ከማሳ ወደ ከተማ በየገበያው የሚወጣው ንጥረ ነገር ካልተመለሰ ግን መሬቱ ቀስ በቀስ ይራቆታል።

ለስሌት ያህል አንድ የከተማ ቤተሰብ በቀን ግማሽ ኪሎ ልጣጭና የምግብ ተረፍ ያወጣል ቢባል በዓመት ከ180 ኪሎ በላይ ይሆናል። አንድ ሺህ ቤተሰብ ከ1 ሺህ 800 ኩንታል በላይ ያወጣል ማለት ነው። ይህ በስብሶ ሲሰክን ሲሶው ብቻ ቢቀር እንኳ 600 ኩንታል የተፈጥሮ ማዳበሪያ ነው። በሀገራችን ከተሞች የተደረጉ ጥናቶች ከቤት ከሚወጣው ደረቅ ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ መሆኑን በተደጋጋሚ አሳይተዋል። እንግዲህ ቆሻሻ እየተባለ ከሚጣለው አብዛኛው በአግባቡ ከተያዘ ማዳበሪያ መሆን የሚችል ነው።

ተደባልቆ ሲወጣ

ችግሩ ያለው ከቀሪው ጋር መደባለቁ ላይ ነው። ፌስታል በአፈር ውስጥ አይበሰብስም፤ ይቆራረጣል እንጂ አይጠፋም። ውኃ ወደ ሥር እንዳይሰርግ ያግዳል፣ ቦይ ይደፍናል፣ በዝናብ ታጥቦ ወደ ወንዝ ይወርዳል። በዲላ በኩል የሚወርዱት እንደ ለገዳራ ያሉ ወንዞች ውኃቸውን ቁልቁል ወደ አባያ ሐይቅ ተፋሰስ ስለሚወስዱ ከላይ የተጣለው በታች ያለውን ሕዝብ፣ ከብትና ዓሣ ያገኛል። በሀገሪቱ ቄራዎች የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ በታረዱ ከብቶች፣ በጎችና ፍየሎች ጨጓራ ውስጥ ከሚገኙ ባዕድ ነገሮች ዋነኛው ፕላስቲክ መሆኑን አሳይተዋል። ፌስታል የዋጠች ላም ትከሳለች፣ ወተቷ ይቀንሳል፣ አንዳንዴም ትሞታለች። አርሶ አደሩ ግን ምክንያቱን ሳያውቀው ይቀራል።

ከፌስታሉም የባሰው የማይታየው ነው። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ፣ የተሰበረ አምፖል፣ የኤሌክትሮኒክስ ስብርባሪ፣ የቀለም ጣሳና የፀረ ተባይ መድኃኒት ዕቃ እንደ እርሳስ፣ ካድሚየምና ሜርኩሪ ያሉ ከባድ ብረቶችን ወይም መርዝ ሊይዙ ይችላሉ። እነዚህ ከልጣጩ ጋር አብረው ከበሰበሱ በኋላ ማንም በወንፊት ሊለያቸው አይችልም። ኮምፖስቱ ለዓይን ጥቁርና ለም ይመስላል፤ ማሳ ከገባ በኋላ ግን ብረቱ ከአፈሩ አይወጣም።

ይህ ለጌዴኦ ቡና አምራች የገበያ ጥያቄ ጭምር ነው። በ1994 ዓ.ም. የተቋቋመው የይርጋጨፌ ቡና አብቃይ ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የአባላቱን ቡና በኦርጋኒክ ማረጋገጫ ለውጭ ገበያ ሲያቀርብ ቆይቷል። የማረጋገጫው መሠረት አርሶ አደሩ በማሳው ላይ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና ኬሚካል አለመጠቀሙ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የኦርጋኒክ ምርት ደንብ ከቤት ቆሻሻ የተዘጋጀ ኮምፖስትን አይከለክልም፤ ነገር ግን ጥብቅ ሁኔታ አስቀምጦለታል። ቆሻሻው ከምንጩ የተለየ፣ ከዕፅዋትና ከእንስሳት ተረፍ ብቻ የመጣ፣ በተዘጋና ክትትል በሚደረግበት አሰባሰብ የተገኘ መሆን አለበት። የብረቱም መጠን ተወስኗል። በአንድ ኪሎ ደረቅ ኮምፖስት ውስጥ ካድሚየም ከ0.7 ሚሊ ግራም፣ እርሳስ ከ45 ሚሊ ግራም፣ ሜርኩሪ ከ0.4 ሚሊ ግራም መብለጥ አይችልም።

ትርጉሙ ግልጽ ነው። ተደባልቆ ወጥቶ ኋላ ላይ የተለየ ቆሻሻ፣ ምንም ያህል ቢበሰብስ፣ ለኦርጋኒክ ቡና ማሳ አይሆንም። በቅን ልቦና «የከተማው ቆሻሻ ለገጠሩ ማዳበሪያ ይሁን» ተብሎ በመኪና ተጭኖ ማሳ ላይ ቢደፋ፣ አንድ ማኅበር በዓመታት ጥረት ያገኘውን ማረጋገጫ ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ አርሶ አደሩ ያልተለየ የከተማ ቆሻሻ በነፃ ቢሰጠው እንኳ መቀበል የለበትም። የወረዳ ግብርና ባለሙያም እንዲቀበል መምከር የለበትም።

ሕጉ ምን ይላል?

በሕግ በኩል ክፍተት አለ ማለት አይቻልም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 እያንዳንዱ የቤተሰብ ኃላፊ መልሶ ጥቅም ላይ ሊውል የሚችለውን ከሚወገደው ለይቶ ወደተዘጋጀለት ቦታ እንዲያደርስ ደንግጎ ነበር። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ ደግሞ የፕላስቲክ ከረጢት ማምረትን፣ ማስገባትን፣ መሸጥንና መጠቀምን ከልክሏል። በሁለቱ አዋጆች መካከል 18 ዓመት አልፏል። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ለይቶ ማውጣት በየቤቱ ልማድ አለመሆኑ የሚያሳየው አንድ ነገር ነው። ቤተሰቡ ለይቶ ቢያወጣ ለይቶ የሚቀበለው ከሌለ ድካሙ ከንቱ ይሆናል። ሁለቱን ከረጢት አንድ ጋሪ ላይ ሲደባለቁ ያየች እናት በሚቀጥለው ሳምንት አትለይም፤ ሊፈረድባትም አይገባም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ኃላፊነት የአስተዳደሩ ነው። ለይታችሁ አውጡ ከማለቱ በፊት ለይቶ የሚወስድ፣ ቀኑን የሚያከብር፣ የሚወስደውንም የሚያደርስበት ቦታ ያለው አሰባሰብ መዘርጋት አለበት።

ቤተሰቡ ሊሠራው የሚችለው

በቤት ውስጥ የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። ሁለት ዕቃ ይበቃል። አንዱ ለሚበሰብሰው ሲሆን ልጣጭ፣ የምግብ ተረፍ፣ የቡና አተላ፣ ቄጠማና ቅጠል ይገባበታል። ሌላው ለደረቁ ሲሆን ፕላስቲክ፣ ቆርቆሮ፣ ጠርሙስና ወረቀት ይይዛል። የባትሪ ድንጋይ፣ አምፖልና የመድኃኒት ዕቃ ከሁለቱም ሳይገቡ ለብቻቸው በአንድ ጣሳ ይቀመጣሉ። የምድጃ አመድ በእርጥቡ ላይ ቢነሰነስ ሽታውንም ዝንቡንም ይቀንሳል፤ ፕላስቲክ የተቃጠለበት አመድ ግን እዚህ ውስጥ መግባት የለበትም። ፕላስቲክ ማቃጠል ራሱ ጭሱ ለሕፃናትና ለአረጋውያን ሳንባ ጎጂ በመሆኑ መቅረት ያለበት ልማድ ነው።

ደረቁን የሚፈልግ ሰው አለ። ቆራሌውና ልዋጩ ብረቱን፣ ጠርሙሱንና የሃይላንዱን ፕላስቲክ ለዘመናት ሲሰበስቡ የኖሩት ማንም ሳያዛቸው፣ ዋጋ ስላለው ነው። ከተማ አስተዳደሩ እነዚህን ሰዎች እንደ ተራ አዟሪ ከማባረር ይልቅ መዝግቦ፣ መሰብሰቢያ ቦታ ሰጥቶ ከጽዳት ማኅበራቱ ጋር ቢያስተሳስራቸው ያለ ተጨማሪ በጀት ትልቅ ሥራ ይሠራል።

ጓሮ ያለው ቤተሰብ፣ በዲላ ዳርቻ ያለውም ሆነ በገጠር ቀበሌ ያለው፣ የሚበሰብሰውን የትም መላክ አያስፈልገውም። በጓሮው ጥላ ሥር ኮምፖስት ሊያዘጋጅ ይችላል። እንደ ጌዴኦ ዝናብ በሚበዛበት ቦታ በክረምት ጉድጓድ ውኃ ስለሚያቁር ከመሬት በላይ መከመር ይሻላል፤ ጉድጓዱ ለበጋ ይቆያል። ከሥር የበቆሎ አገዳ ወይም ጭራሮ ይነጠፋል፤ አየር እንዲገባ ነው። በላዩ ደረቅ ቅጠል፣ ከዚያ እርጥብ ልጣጭና አረንጓዴ ቅጠል፣ ከዚያ ስስ የፍግ ንጣፍ፣ በመጨረሻ እፍኝ አፈርና አመድ ይደረግበታል። ይኸው ቅደም ተከተል እየተደጋገመ ክምሩ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ይላል፤ በእንሰት ቅጠልም ይሸፈናል።

መሃሉ ላይ የሚተከል ረጅም እንጨት የክምሩን ጤንነት ይናገራል። ከሳምንት በኋላ ተነቅሎ ሲዳሰስ ሞቅ ያለና እርጥብ ከሆነ ሥራው እየሄደ ነው። ደረቅ ከሆነ ውኃ ይጨመርለታል። ቀዝቃዛና ጭቃማ ከሆነ ውኃ በዝቶበታልና ደረቅ ቅጠል ተጨምሮ ይገለበጣል። በየሦስት ሳምንቱ ገደማ እየተገለበጠ ከሦስት እስከ አራት ወር ውስጥ ጥቁር፣ ፍርክስክስ ያለና የአፈር ሽታ ያለው ኮምፖስት ይሆናል። ቦታ የሚጠበው ቤተሰብ ቀይ ትሎችን በመጠቀም በሣጥን የሚዘጋጀውን ቨርሚ ኮምፖስት ሊሞክር ይችላል። ለዚህም የግብርና ባለሙያው ትሎቹን በማቅረብና በማሳየት ሊያግዝ ይገባል።

መቀነስም ከመሰብሰብ ይቀድማል። የፌስታል ክልከላ ለብዙ ከተሞች አዲስ ዕቃ መፈለግን ይጠይቃል። ለጌዴኦ ግን ኮባው በጓሮ ቆሟል፤ ዘንቢሉም ከገበያ አልጠፋም። ቅቤ፣ ቆጮና ሥጋ በኮባ መሸጥ ትናንት የነበረ፣ ዛሬም ያልጠፋ ልማድ ነው። ነጋዴው በፌስታል ፈንታ በኮባ ጠቅልሎ ቢሸጥ ኮባ አቅራቢው አርሶ አደር ገቢ ያገኛል፤ መጠቅለያውም ተመልሶ አፈር ይሆናል።

የማሳ ላይ ፕላስቲክ

የፕላስቲክ ነገር ሲነሳ ጣት ወደ ከተማ ብቻ መቀሰሩ ትክክል አይደለም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር፣ ከዚያም በፊት በቡና ችግኝ ጣቢያዎች፣ ችግኝ የሚፈላው በፕላስቲክ ቱቦ ነው። በተከላ ወቅት ፕላስቲኩ ካልተቀደደ ሥሩ ይታፈናል። ተቀዶ እዚያው ከተጣለም ማሳው ላይ ይከማቻል። በአንድ ቀን ብዙ ሺህ ችግኝ ሲተከል ያንኑ ያህል ፕላስቲክ መሬት ላይ ይቀራል ማለት ነው። እያንዳንዱ ተካይ ችግኝ ይዞ የወጣበትን ዕቃ ባዶ ቱቦ ይዞበት እንዲመለስ ማድረግ ቀላል ትእዛዝ ነው። የተከላ ሪፖርትም የተተከለውን ብቻ ሳይሆን የተሰበሰበውን ቱቦ ቢቆጥር ሥራው ሙሉ ይሆናል።

የፀረ ተባይና የፀረ አረም መድኃኒት ዕቃ ደግሞ ምንም ቢታጠብ ለውኃ ወይም ለዘይት መያዣ መዋል የለበትም። ለቡና ማሳ የሚሆን ኮምፖስት ሲዘጋጅም ኬሚካል እንዳልተረጨበት ያልተረጋገጠ የጫት ገረባ ባይጨመር ይመረጣል።

ከተማ አስተዳደሩና ወረዳዎች

ሁሉንም ቤት በአንድ ጊዜ ማዳረስ ለየትኛውም አስተዳደር ይከብዳል። ስለዚህ መጀመር ያለበት ከገበያው ነው። የአትክልትና ፍራፍሬ ተራ ተረፍ ብዛት ያለው፣ በአንድ ቦታ የሚገኝና አብዛኛው የሚበሰብስ ነው። ገበያው ሲበተን ፌስታሉና ማዳበሪያ ከረጢቱ ተለቅሞ ቀሪው ለብቻው ቢጫን በመጀመሪያው ወር ውጤቱ ይታያል። ቀጥሎ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ይመጣሉ። ከዚያም ሰፈር በሰፈር፣ ዕድር በዕድር ወደ ቤተሰብ መዝለቅ ይቻላል። ለእርጥቡና ለደረቁ የተለያየ ቀን መመደብና ያንን ቀን አለማጠፍ የአሰባሰቡ ሁሉ መሠረት ነው።

የሚዘጋጀውም ኮምፖስት መድረሻው በቅደም ተከተል ሊወሰን ይገባል። የገጠሩ ቤተሰብ በራሱ ጓሮ ያዘጋጀው፣ የሚገባበትን ስለሚያውቀው፣ ለራሱ ቡናና እንሰት ሊውል ይችላል። ከከተማ የሚመጣው ግን መጀመሪያ ለከተማው ዛፎችና መናፈሻዎች፣ ለደን ችግኝና ማረጋገጫ ለማይጠየቅበት አትክልት ይዋል። በላቦራቶሪ ተመርምሮ ንጽሕናው በተደጋጋሚ ሲረጋገጥና የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሲስማማ ብቻ ወደ ቡና ማሳ ይለፍ። በዚህ ረገድ የዲላ ዩኒቨርሲቲ በምርመራና በሥልጠና ሊያደርግ የሚችለው እገዛ ትልቅ ነው።

የቡና እርጥብ ማዘጋጃ ጣቢያዎችም ከዚህ ሥራ መለየት የለባቸውም። እሸት ቡና ሲፈለፈል ከክብደቱ 40 በመቶ ያህሉ ገለፈት ሆኖ ይወጣል። ገለፈቱ በፖታሲየም የበለጸገ ነው፤ ወንዝ ዳር ሲከመር ግን ውኃውን ያጠቁረዋል፣ ኦክስጅኑንም ያሟጥጠዋል። ይኸው ገለፈት ከፍግና ከገበያ ተረፍ ጋር ቢከመር ጥሩ ኮምፖስት ይሆናል። ወንዙን የሚያቆሽሸው ነገር ለቡናው ይመለሳል ማለት ነው።

በየቀበሌው ያሉ የግብርናና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ሥራ እዚህ ላይ ይገናኛል። የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር የደረቅና የፍሳሽ ቆሻሻ አወጋገድ ከፓኬጆቹ አንዱ ነበር። የግብርና ባለሙያው ደግሞ ኮምፖስት ያስተምራል። ሁለቱ አንድ ቤት በተለያየ ቀን ገብተው ስለ አንድ ክምር በተለያየ ቋንቋ ከሚናገሩ አንድ ላይ ቢገቡ ቤተሰቡ ይቀበላቸዋል። በሶንጎ የሚቀመጡ ሽማግሌዎችም ቃላቸው የሚሰማ፣ መሬቱን ለልጅ ልጅ የማቆየት ኃላፊነት የሚሰማቸው ናቸው። ነገሩ ለእነርሱ ቀርቦ ከተመከረበት ከማስጠንቀቂያ ወረቀት የበለጠ ይሠራል።

ከሌሎች ልምድ

በትግራይ በ1980ዎቹ መጨረሻ ዓመታት የተጀመረው የኮምፖስት ሥራ ለዚህ አብነት ነው። የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት ከግብርና ቢሮውና ከአርሶ አደሮች ጋር በጥቂት መንደሮች የጀመረው ሥራ በኮምፖስት የለማ ማሳ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ ካገኘ ማሳ ጋር የሚወዳደር፣ አንዳንዴም የሚበልጥ ምርት እንደሚሰጥ አሳይቷል። አርሶ አደሩን ያሳመነውም ከጎረቤቱ ማሳ ላይ ያየው ሰብል ነበር።

እንደ ጌዴኦ ኮረብታማ የሆነችው፣ ሕዝቧ ጥቅጥቅ ብሎ የሰፈረባትና ቡናና ሙዝ የምታመርተው ሩዋንዳ ደግሞ የፕላስቲክ ከረጢትን በሕግ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ክልከላው የጸናው በድንበርና በሱቅ ሳይላላ በመፈጸሙ፣ በየወሩም ሕዝቡ በጋራ በሚወጣበት የማኅበረሰብ ሥራ በመታገዙ ነው።

ያለመለየት መጨረሻው ምን እንደሆነም በሀገራችን ታይቷል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ረጲ፣ በተለምዶ ቆሼ በሚባለው ስፍራ፣ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ሳይለይ ሲከመር የኖረው ቆሻሻ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ቀብሯል። ዲላና የዞኑ ሌሎች ከተሞች ገና በማደግ ላይ በመሆናቸው ያንን መንገድ ሳይሄዱ ለመቅረት ጊዜ አላቸው።

በቁጥር ይለካ

በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በሀገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው የጽዱ ኢትዮጵያ ንቅናቄ ለከተሞች ጽዳት ትኩረት አስገኝቷል። ትኩረቱ ግን በዘመቻ ቀን በወጣው ሰው ብዛት ከተለካ ከቀኑ አያልፍም። የወረዳና የከተማ አመራር በየሩብ ዓመቱ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ጥቂትና ግልጽ ነው። ስንት ቤተሰብ ለይቶ ያወጣል? ከገበያው ስንት ኩንታል ተለይቶ ተነሳ? ስንት ኩንታል ኮምፖስት ተዘጋጅቶ የት ማሳ ዋለ? ከተከላ ቦታ ስንት ቱቦ ተሰበሰበ? ኮምፖስቱ ተመርምሮ ምን ተገኘበት? እነዚህን ጥያቄዎች በቁጥር የሚመልስ ቀበሌ ሥራውን ሠርቷል፤ መመለስ የማይችለውም ከወዴት መጀመር እንዳለበት ያውቃል።

አርሶ አደሩም መብቱን ይወቅ። ወደ ማሳው የሚመጣው ነገር ከየት እንደመጣና ምን እንደገባበት የመጠየቅ፣ ካልጣመውም የመመለስ መብት አለው። የከተማው ነዋሪም የሚበላው ቆጮና የሚጠጣው ቡና ከየትኛው መሬት እንደወጣ አይዘንጋ። ያ መሬት ለዓመታት ከተማውን መግቧል። አሁን ከተማው ለመሬቱ የሚመልሰው ልጣጩን ነው፤ ንጹሕ ሆኖ እንዲመለስ ደግሞ ዛሬ ማታ በየቤቱ ሁለት ዕቃ ጎን ለጎን መቀመጥ አለበት።